ዳዊቱን ሲገልጡ አየሁዎት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ይህን የምጽፈው ከእርስዎ መኝታ ቤት በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቼ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ነገ ረፋዱ ላይ ከአዘዞ እበራለሁ፤ ሻንጣው ተቆልፏል፤ አክስቴ ያሰረችልኝ በርበሬና ሽሮ በር ሥር ተቀምጧል። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ልነግርዎት ጀምሬ ሦስቴም «እሱን ተይውና ቡናሽን ጠጪ» ብለው አስቆሙኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ፣ ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት እርስዎ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ሙሉቀን «ላንብብልዎት» ቢል አይስጡት። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ በግራ ዓይንዎ፣ ቀስ ብለው ያንብቡት። ወረቀቱ ስለበዛ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከጥምቀት በኋላ በመጣው ሰኞ ጠዋት ቡና ይዤልዎት ስገባ ዳዊትዎን ጭንዎ ላይ ዘርግተው ይደግሙ ነበር። ላቋርጥዎት አልፈለግኩምና ከኋላዎ ቆሜ ጠበቅኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጣትዎ ከመስመሩ ሥር ሲሄድ፣ አፍዎ ሲከተለው ማየት እወዳለሁ። ያን ዕለት ግን አፍዎ መዝሙር 22 ላይ ደርሷል፤ ጣትዎ ያረፈበት ገጽ ገና 17 ነው። ትንሽ ቆይተው ጣትዎን በምራቅ አርሰው ገለጡ። ሁለት ቅጠል አብሮ ተገለጠ፤ አላወቁትም። ድምፅዎም አልተደናቀፈም።

የሰኞውን ዳዊት በቃልዎ እንደሚወጡት አውቃለሁ፤ ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ግን ገጹን የሚገልጡት ለማን ነበር? ለእኛ ነው፤ ለሙሉቀን፣ ለአክስቴ፣ በስልክ «ዓይንዎ እንዴት ነው?» እያልኩ ለምጨቀጭቅዎ ለእኔ። ስኒውን እንደያዝኩ ወደ ጓዳ ተመለስኩና ቡናው እስኪቀዘቅዝ አለቀስኩ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተን ስንሳለም ወደ ጣሪያው ቀና ብለው «መላእክቱ ደበዘዙ፤ የሚያድሳቸው ጠፋ» አሉኝ። አባባ፣ መላእክቱ አልደበዘዙም። ዓይናቸው እንደ ድሮው ፈጥጦ ቁልቁል ያየናል።

ከዚያ ወዲያ ነው በግድ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩዎት። ሦስት ጣት የምትመስለዋን ምልክት ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ጣቶቿ ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። በግራው ትልልቆቹን አዩ። በቀኙ ምልክቷ ቀርቶ የእኔን ጣቶች እንኳ የቆጠሩት አንድ ሜትር ላይ ቆሜ ነው። በእጅ ባትሪ ስመለከተው ብሌኑ ነጥቷል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ግራውንም ጀምሮታል።

ሞራ እንደ ሽበት የዕድሜ ነገር ነው፤ በእሱ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት በሌላ ነው። ባለፈው ኅዳር ስለዚያ የደሴት ትምህርት ቤት ደውዬ ሳማክርዎት ሁለት ነገር ብቻ አሉኝ። መጀመሪያ «ደሴት? ልትመንኚ ነው እንዴ ልጄ?» ቀጥለውም «ሂጂ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔም ደህና ነው።» ያን «ሂጂ» እንደ ምርቃት ተቀብዬ ከሁለት ወር በላይ ይዤው ስዞር ነበር። አሁን ሳስበው በነጣ ዓይን ላይ ቆመው የሰጡኝ ምርቃት ነው። እንዴት አድርጌ ልጠቀምበት?

በስልክ በደንብ ያላስረዳሁዎትን አሁን ላስረዳ። ለእርስዎ ደሴት ማለት ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፣ ናርጋ ሥላሴ ነው፤ ታንኳና ገዳም። ፖርቶ ሪኮ ግን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ከስፔን እጅ ወጥታ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ያለች የካሪቢያን ደሴት ናት። ገንዘቡ ዶላር ነው። አሁን ከምኖርባት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ከቨርጂኒያ ስሄድ ቪዛ የሚጠይቀኝ የለም፤ የመኖሪያ ፈቃዴም አይቋረጥም። የኢንተር አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪ፣ ማለትም የዓይን ምርመራና የመነጽር ሙያ፣ ትምህርት ቤት የሚገኘው ከዋና ከተማዋ ከሳን ሁዋን ጎን፣ ባያሞን በምትባል ከተማ ነው፤ የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው።

አክስቴ «አንድ ጊዜ ተምረሽው የለም ወይ?» ትለኛለች። ተምሬዋለሁ፤ እዚሁ ጎንደር፣ ከቤታችን በእግር ተመላልሼ። ግን አሜሪካ ውስጥ ኦፕቶሜትሪስት ሆኖ ሰው ለመመርመር የዶክትሬት ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በላዩ ሦስት ክፍል ያለው ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያም የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ አለ። የጎንደሩ ዲግሪዬ እዚያ ያበቃኝ መነጽር ሱቅ ውስጥ በሁለት ብሌን መካከል ያለውን ርቀት እንድለካና የተጣመመ ፍሬም እንዳቃና ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሐኪሟ ስትመረምር ድምፅዋ ይሰማኛል። ቀጥላ የምትጠይቀውን ሳትጠይቀው አውቀዋለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ስድስተኛውን እንደዚያ ማሳለፍ አልፈልግም።

ሌላም ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል፤ በአሜሪካ ዋናው ምድር፣ ብርድ በበዛበት ከተማ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምር። ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ «እዚያ ግቢ» ይላሉ። በሠላሳ አንድ ዓመትሽ ሌላ ቋንቋ ከሥሩ ልትጀምሪ ነው ወይ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ከባድ ነው። እኔ ግን ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት የተሸከምኩት አንድ ነገር አለ፤ ለእርስዎም ነግሬዎት አላውቅም።

እዚህ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ከቋራ በኩል አንዲት የጉሙዝ እናት መጡ። አማርኛ አይሰሙም፤ ልጃቸው ነበር የሚያስተረጉመው። ሌንስ እየለዋወጥኩ «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ይኼኛው?» ስል ልጁ ወደ እናቱ ዞር ሳይል «ሁለተኛው ይሻላታል» ይለኛል። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ልጁም ሳይመሽ ለመመለስ ቸኩሏል። እኔም ተቀበልኩት፤ ጻፍኩላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ልጁ «ስታደርገው ያዞራታል» አለኝ። ሴትዮዋ ጨርቁን ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ፊቴን አላዩም። ያን ሁሉ መንገድ ሁለት ጊዜ የመጡት እኔ እሳቸውን ሳልጠይቅ ስለጻፍኩ ነው።

የዓይን ምርመራ ግማሹ ጨዋታ ነው አባባ። መሣሪያው ቁጥሩን ይሰጣል፤ ሰውዬው ግን ይቆረቁረኛል፣ ያሳክከኛል፣ ይጋርደኛል፣ ብዥ ይልብኛል ይላል፤ እያንዳንዷ ቃል ወደ ሌላ በሽታ ትመራለች። እኔ በምሠራበት ሰፈር ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ብዙ ናቸው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ፊታቸው ላይ እያወዛወዙ «ቦሮሶ፣ ቦሮሶ» ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ፤ ብዥ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስፓኒሽ እማራለሁ። «ኩዋል ኤስ ሜሆር፣ ላ ኡኖ ኦ ላ ዶስ?» የትኛው ይሻላል፣ አንደኛው ወይስ ሁለተኛው ማለት ነው። ባያሞን ብገባ በሽተኞቼ በአብዛኛው ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸውና ይህን በየቀኑ እጠይቃለሁ፤ መልሱንም ከራሳቸው አፍ እሰማለሁ። እርስዎ ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምረው፣ ለጸሎት ግዕዝ የያዙ ሰው ስለሆኑ ይህ የሚገባዎት ይመስለኛል።

የሚያስፈራኝንም አልደብቅዎትም። ብድሩ ብዙ ነው፤ ተመርቄም ዓመታት እከፍለዋለሁ። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለው ደሴቷን ሲመታ ወራት ሙሉ መብራት ያላገኙ ሰፈሮች ነበሩ። ይህን ሁሉ ግን እችለዋለሁ። የማልችለው ሌላ ነው። ከሳን ሁዋን ጎንደር ለመድረስ ሁለትና ሦስት አውሮፕላን መቀየር አለብኝ፤ በተማሪ ኪስ በየዓመቱ መምጣት አልችልም። እርስዎ ሰባ አራት ዓመትዎ ነው። ስጨርስ ሰባ ስምንት ይሞላዎታል። ይህን ቁጥር ማታ ማታ እደምረዋለሁ፤ ሌላ መልስ አይወጣውም።

ስለዚህ ያን «ሂጂ» መልሼልዎታለሁ። አልተቀበልኩትም። አይተው ይስጡኝ።

ሙሉቀን ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በባጃጅ ወደ ዓይን ሕክምና ይወስድዎታል፤ ቀጠሮውን እኔው ራሴ ሄጄ ይዤዋለሁ። «ሞራው ይብሰል» የሚሉዎትን አይስሙ፤ እስኪበስል መጠበቅ የድሮ ነገር ነው፤ እንዲያውም ሲጠጥር ለማውጣት ያስቸግራል። የሚያደነዝዙት ዓይንዎን ብቻ ነው። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ በቦታው ያስገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። ጎረቤታችን ታክመው ዓይናቸው አለመመለሱን እያነሱ እንደሚፈሩ አውቃለሁ። የእሳቸው ግላኮማ፣ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ፣ ነበር። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ነው። የእርስዎ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን የጋረዳቸው ይኸው ሞራ ነው። ማየት የሚችል ሰው በጨለማ ተቀምጦ ማየት ለእኔ በጣም ከባድ ነው፤ ያ ሰው አባቴ ሲሆንማ እንዴት ልቻለው?

በማግስቱ ፋሻውን ይፈቱልዎታል። ዓይንዎን እንዳያሹት፤ ለስግደት እንዳይጎነበሱ፤ አባ ነፍስዎንም ነግሬያቸዋለሁ፣ እስኪድን ቆመው ይጸልዩ ብለዋል። ጠብታውን ሙሉቀን በሰዓቱ ያደርግልዎታል። አዲሱ ሌንስ ሩቁን ያሳይዎታል እንጂ ለንባብ መነጽር ያስፈልግዎታል፤ ቋሚው እስኪታዘዝልዎት ለጊዜው የሚሆን ባለ 2.50 መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ትምህርት ቤቱ እስከ የካቲት መጨረሻ መልሴን ይጠብቃል። ልቤ ወደ ደሴቷ ነው፤ ይህን አልሸሽግዎትም። አይተው «ቅሪ» ቢሉኝም እቀበላለሁ፤ ቅር አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ዳዊትዎ ውስጥ፣ የሰኞው በሚያልቅበት ገጽ፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አስገብቻለሁ። እንደዚህ ደብዳቤ በትልልቁ አይደለም፤ እንደ ዳዊቱ ፊደል በትንንሹ ነው የጻፍኩት። ሙሉቀን እንዳያያት አስምዬዋለሁ። ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ መነጽሩን ያድርጉና ደውለው ያንብቡልኝ። በቃልዎ የማያውቋት ናት።

ልጅዎ፣
ጎንደር፣ ጥር 21