ሁለት ዲስክ ስላለ መረጃው ተርፏል ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ትናንሽ ድርጅቶች ለሰርቨራቸው፣ ማለትም የጋራ ፋይሎቻቸው ለሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ በሬይድ 1 (አንዱን መረጃ በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል በሚጽፍ ዘዴ) አጣምረው «መረጃችን ተጠብቋል» ሲሉ ይሰማል። ሬይድ 1 የሚጠቅመው አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ነው። ሒሳብ ክፍል በስህተት የሰረዘው ፋይል ግን ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል። መረጃው ማታ ማታ ወደ ሦስተኛ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ተነቅሎ ከቢሮ ውጭ ይደር።

ሃርድ ዲስክ ሲገዙ ኤስኤምአር የተባለውን ዓይነት ይሽሹ። የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ስለሚደራረቡ፣ የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ መረጃው እንደገና ሲጻፍ እጅግ ይንቀረፈፋል፤ ሬይዱም አዲሱን ዲስክ ተበላሽቷል ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። ሻጩ ዓይነቱን ካላወቀ በሞዴል ቁጥሩ የአምራቹን ድረ ገጽ ማየት ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ካልተያያዘ፣ የባትሪውን መድከም ለሰርቨሩ የሚነግረው ስለሌለ፣ መብራት ሄዶ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ድርግም ይላል። ያቺ ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከካርቶኗ አትወጣም።

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ