ቤቱ ሲያፈስ ዝም የምንል ተከራዮች

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ቤት መድን ሲጻፍ ሁሌ የሚጻፈው ለቤት ባለቤት ነው። ቧንቧው ሲያፈስ መጀመሪያ የምናየው፣ ኮርኒሱ ሲያብጥ አንጋጠን የምናፈጠው ግን እኛ ተከራዮች ነን። ስለዚህ በተከራይ በኩል ትንሽ ልበል።

ትልቁ ችግራችን ዝምታ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፣ እኔም ተከራይ ነኝ። ሰው "አንተ ነህ ያበላሸኸው" እንዳይባል ይፈራል፣ ኪራይ እንዳይጨመርበት ይፈራል፣ ከነጭራሹ ልቀቅ እንዳይባልም ይፈራል። እና ባልዲ ደቅኖ ይኖራል።

የመድን ድርጅት ግን ፍርሃታችንን አይቆጥርልንም። የቤት መድን በአብዛኛው የሚሸፍነው በድንገት የደረሰ ጉዳትን ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱን ውሃ ቢሞላው ድንገተኛ ነው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ጠብ ጠብ ሲል የከረመ ውሃ ግን በብዙ ውሎች ቀስ በቀስ የመጣ ጉዳት ተብሎ ከሽፋን ይወጣል። እርጅናና የጥገና ጉድለትም እንደዚያው። የመድን ድርጅቱ የሚልከው ጉዳት ገማች ሲመጣ ደግሞ ከወሬያችን ይልቅ የሚያምነው እንጨቱን ነው። የቁምሳጥኑ ወለል አብጦ ከተላጠ፣ ጥጉ ከጠቆረ፣ ኮርኒሱ ላይ አንዱ የውሃ ምልክት በሌላው ላይ እየደረቀ ቡናማ ቀለበት በቀለበት ከሆነ፣ "ትናንት ነው የጀመረው" ብትሉት አይሰማችሁም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለተከራይ ሳይሆን አይቀርም። ሻጋታም ጊዜ አይሰጥም፤ የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረቀ ሊጀምር ይችላል።

ባለቤቱ ካሳ ሲከለከል ታዲያ ወደ ማን ይዞራል? ወደ ተከራዩ ነዋ። "ለምን አልነገርከኝም?" ሲል ምን ይመለስለታል? ባለመናገራችን የተባባሰውን ጉዳት ክፈሉ ልንባል እንችላለን። እንዲያውም መድን ድርጅቱ ለባለቤቱ ከከፈለ በኋላ በእሱ ቦታ ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው ገንዘቡን መልስ ሊለው የሚችልበት አሠራር አለ። ምድጃ ሳያጠፋ የወጣ ተከራይ "ቤቱ ኢንሹራንስ አለው" ብሎ ባይዘናጋ ይሻለዋል።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የባለቤቱ መድን ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን እንጂ የእኛን ዕቃ አይሸፍንም። ፍራሹ፣ ላፕቶፑ፣ ልብሱ የራሳችን ጣጣ ነው፤ ለእሱ የተከራይ መድን መግባት ያለብን እኛው ነን። ስትገቡ ደግሞ አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍሉትን ክፍያ፣ ለመቆጠብ ብላችሁ የዕቃችሁን ዋጋ አታሳንሱ። 100 ሺህ የሚያወጣ ዕቃ ያለው ሰው 50 ሺህ ብሎ ቢያስመዘግብና የ20 ሺህ ጉዳት ቢደርስበት፣ ዕቃው የተመዘገበው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ ብዙ ውሎች ካሳውንም በግማሽ አስልተው 10 ሺህ ብቻ ነው የሚሰጡት። ከዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ካሳ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት የተወሰነ መጠን ይቀነሳል። ውሉን ስትፈርሙ ይህን ጠይቁ፣ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

አነጋገሩም ወሳኝ ነው። በስልክ "ቧንቧው ትንሽ ያፈሳል" ብሎ ዘግቶ፣ በኋላ "ነግሬው ነበር" ማለት አያዋጣም፤ ማስረጃ የለውማ። ከደወላችሁ በኋላም በጽሑፍ ላኩ፣ የቴሌግራም መልእክት እንኳ ቀንና ሰዓቱን ይይዛል። መቼ እንዳያችሁት፣ የት እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ፣ ያልተረጋገጠ ምክንያት ግን አትገምቱ። ውሃው እየፈሰሰ እያለ ቪዲዮ አንሱ፤ መጀመሪያ ክፍሉ በሙሉ የሚታይበትን፣ ከዚያ ጠጋ ብላችሁ መጋጠሚያውን። ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጉ፣ ዕቃ አሽሹ፣ ጉዳቱ እንዳይሰፋ መከላከል ከእናንተም ይጠበቃል። ለጊዜው ለማስቆም የከፈላችሁትን ደረሰኝ ያዙ። ትልቁን ጥገና ግን ባለቤቱ ሳያውቅ አትንኩ። የተበላሸውንም ዕቃ ገማቹ ሳያየው አትጣሉት፣ ቤቱ ቢሸትም እንኳ በረንዳ ላይ አውጡት እንጂ።

የቤቱን ካሳ የሚጠይቀው ባለቤቱ ነው፣ እኛ በእሱ ውል መጠየቅ አንችልም። ባለቤቱም ለድርጅቱ የሚያሳውቅበት የጊዜ ገደብ ውሉ ላይ አለ። እሱ የሚያውቀው ደግሞ እኛ ስንነግረው ነው።

ለአከራዮችም አንድ ነገር ልናገር። ተከራያችሁ ጉዳት ሲነግራችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። አንዴ "ሁልጊዜ አንተ ቤት ነው የሚበላሸው" ያላችሁት ሰው ቀጣዩን ፍሳሽ አይነግራችሁም፣ የምትከስሩትም እናንተ ናችሁ። የኪራይ ውሉ ላይ ጉዳት ለማን፣ በምን ስልክ እንደሚነገር፣ ቤቱ መድን እንዳለውና እንደሌለው ይጻፍ። ሁለት መስመር ነው፣ አይከብድም።

እናንተም አዘጋጆች፣ አንድ የመድን ባለሙያ ጠይቃችሁ ተከራይ ለአከራዩ የሚጽፈውን የጉዳት ማስታወቂያ ናሙና ብታወጡልን፣ ቆርጠን ፍሪጅ ላይ እንለጥፈዋለን።

ተከራይ አንባቢያችሁ