ብርጭቆው ለምን አላበው? ለሜሪላንድ ስቴት የትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሜሪላንድ ስቴት የትምህርት መምሪያ
የፈተና ዝግጅት ክፍል
ባልቲሞር

ጉዳዩ፦ የሳይንስ ፈተና ጥያቄዎች የሚጻፉበትን ቋንቋ ይመለከታል

ክቡራን፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በሲልቨር ስፕሪንግ የማኅበረሰባችንን ልጆች ሳይንስ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ የ5ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ሚሳ የምትሉት የስቴቱ የሳይንስ ፈተና የሚጠብቃቸው እነዚህ ክፍሎች ላይ ነውና። እንግሊዝኛውን ለብቻ አዘጋጅቼላችኋለሁ። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ወላጆቻቸውም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ራሴ ያዘጋጀሁት አንድ የመለማመጃ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ስለ በረዶ ውሃ ብርጭቆ ነበር። የፈተና ወግ እንዲኖረው ብዬ እንግሊዝኛውን አስረዘምኩት፤ «በብርጭቆው ኤክስቴሪየር ሰርፌስ (ማለትም የውጭ ገጽ) ላይ የተስተዋሉት ጠብታዎች መገኛ» ምናምን የሚል ዓረፍተ ነገር ሆነ። አራት አማራጭ ሰጠሁ። እዚህ አገር ከመጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ተሳሳተ። አጠገቡ የተቀመጠች፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ «ኮንደንሴሽን» (እንፋሎት ወደ ውሃ መለወጥ) የሚለውን ትክክለኛ መልስ አክብባ አገኘች።

ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። የበረዶ ውሃ ቀድቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ልጁን በአማርኛ «ብርጭቆው ለምን አላበው?» አልኩት። ጠብታውን በጣቱ ጠረግ አድርጎ አየው። «ጋሼ፣ አየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ነዋ። ቀዝቃዛውን ሲነካ ውሃ ሆነ» አለኝ። ልጅቷን ጠየቅኳት። «ኮንደንሴሽን» አለች ወዲያው። እሺ፣ ውሃው ግን ከየት መጣ? ትንሽ አሰበችና «ከውስጥ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ሾልኮ ይወጣል» አለች።

የገባው ልጅ ዜሮ አገኘ፤ ያልገባት ሙሉ ነጥብ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የልጆቹ አልነበረም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ጎንበስ ብዬ መጠየቅ ቻልኩ። የስቴት ፈተና ላይ ጎንበስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጁ የሚታወቀው ስክሪኑ ላይ በነካው መልስ ብቻ ነው።

የምትሰጡትን ፈተና አላየሁትም፣ ላየውም አይገባም። ስለዚህ ይህ ክስ አይደለም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቀበለቻቸው፣ ኔክስት ጄኔሬሽን ሳይንስ ስታንዳርዶች የሚባሉት የሳይንስ ትምህርት መመዘኛዎች አቅጣጫቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ፍቺ ሸምድዶ እንዲደግም ሳይሆን፣ የሆነ ነገር አይቶ መረጃውን አገናዝቦ እንዲያስረዳ ይፈልጋሉ። እኔ የተማርኩት በሽምደዳ ስለሆነ የዚህን ዋጋ አውቀዋለሁ። ችግሩ፣ ጥያቄ በአንድ ክስተት ዙሪያ ሲዋቀር ታሪክ ይመጣል፤ ከታሪኩ ጋር አንቀጽ፣ ከአንቀጹ ጋር ሠንጠረዥ ይከተላል። የሳይንሱ ጥያቄ እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር የሚነበበውም እየበዛ ይሄዳል። ይህ ሸክም እኩል አያርፍም። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የፌዴራል የትምህርት ሕግ አዲስ የመጡ ልጆችን ለመጀመሪያው ዓመት ከእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ነፃ ማድረግን ይፈቅዳል፤ ከሳይንሱ ግን አይፈቅድም። እናም ልጁ የንባብ ፈተናውን ሳይፈተን ቀርቶ፣ ሳይንስ በሚል ስም ንባብ ሊፈተን ይችላል።

መፍትሔው ጥያቄውን ማቅለል ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። አይደለም። በኋላ ያን የብርጭቆ ጥያቄ ጣልኩትና በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦ ክዳኑ የገጠመ ቆርቆሮ ውስጥ የበረዶ ውሃ አለ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 412 ግራም ነበር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ውጩ ረጥቧል፤ ሚዛኑም 414 ግራም ይላል። ውሃው ከውስጥ ሾልኮ የወጣ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ስንት ይል ነበር? ለምን?

ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እንግሊዝኛው ግን ቀለል ያለ፣ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። «ኮንደንሴሽን» የሚለውን ቃል ማስታወስ ምንም አይረዳም። ልጅቷ ረጅም ጊዜ አፈጠጠችበትና «412 ነዋ፣ ያው ውሃ ቦታ ቀየረ እንጂ ሌላ አልተጨመረም» አለች። ከዚያ ራሷ ቀና ብላ «ታዲያ 2 ግራሙ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የምለምናችሁ ይህን ዓይነቱን ልዩነት ነው። ኢቫፖሬሽን፣ ኢነርጂ፣ ቫሪያብል የሳይንሱ ቃላት ናቸው፤ ይቆዩ፣ ልጆቹም ይማሯቸው። ኤክስቴሪየር ግን ሳይንስ አይደለም። «ከሚከተሉት ውስጥ ሊሆን የማይችለው» እያለ የሚጠማዘዝ ጥያቄም እንዲሁ። ሁለት ትርጉም ያላቸው ቃላት ደግሞ አሉ፤ ቴብል (በሳይንሱ ሠንጠረዥ) ለልጁ የሚበላበት ጠረጴዛ ነው፣ ቮልዩም (በሳይንሱ ይዘት) የቴሌቪዥኑ ድምፅ፣ ማተር (በሳይንሱ ቁስ) ደግሞ ሰው ሲያለቅስ የሚጠየቀው «ዋትስ ዘ ማተር» ነው። ጀማል አቤዲና ካሮል ሎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የሒሳብ ጥያቄዎችን፣ ሒሳቡን ሳይነኩ እንግሊዝኛውን ብቻ ሲያቀሉት፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ የ8ኛ ክፍል ልጆች ውጤት በመጠኑም ቢሆን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሳይንስ ከሒሳብ የበለጠ ቃል ይፈጃልና እዚህ የሚገኘው ጥቅም ያንሳል ብዬ አልገምትም።

የምርጫ ጥያቄ ሲዘጋጅ ደግሞ የተሳሳቱት አማራጮች ከልጆች አፍ ይወሰዱ። «ከውስጥ ሾልኮ ወጣ» የሚለውን እኔ ቁጭ ብዬ አስቤ አላመጣሁትም፣ እሷ ነገረችኝ። እንዲህ ያለ አማራጭ ያልገባውን ልጅ ይለያል። ማንም የማያምንበት መሙያ አማራጭ ግን ግምትን ያቀላል፤ ከአራቱ ሁለቱ ገና ሲታዩ ከወደቁ የሚገምት ልጅ ዕድሉ ከ25 ወደ 50 በመቶ ይወጣል። ይህን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄዎቹ በብዙ ተማሪዎች ተሞክረው ውጤቱ በቁጥር ከመመዘኑ በፊት ጥቂት ልጆች ጮክ ብለው እያሰቡ ይሥሯቸው። ከነሱ መካከል እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ይኑሩበት፤ ሲጨርሱም የሚያናግራቸው ሰው የእናታቸውን ቋንቋ የሚችል ይሁን። ያ የብርጭቆውን ጥያቄ የሳተው ልጅ በእንግሊዝኛ ቢጠየቅ ዝም ነበር የሚለው።

ትርጉምን በተመለከተ አንዳንድ ወላጆች ቅር ሊሰኙብኝ ይችላሉ። ኒውዮርክ ሪጀንትስ የሚባሉትን የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ፈተናዎቿን ስፓኒሽን ጨምሮ ወደ በርካታ ቋንቋዎች ስታስተረጉም ኖራለች። የኛ ልጆች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። እዚህ ያደገው አማርኛው የቤት አማርኛ ነው፤ ፎቶሲንተሲስን «ብርሃን አስተፃምሮ» ብትሉለት የባሰ ይደናገራል። እስከ 6ኛ ክፍል አዲስ አበባ በአማርኛ ተምሮ የመጣው ግን «ትነት» የምትል አንዲት ቃል ብታገኙለት የሚያውቀውን ሁሉ ያወጣዋል። ስለዚህ ሙሉ ትርጉም አልጠይቅም። ለሚፈልገው ልጅ ቃሉን ሲነካ የሚከፈት አጭር የቃላት መፍቻ ይኑር፤ የሚያዘጋጀውም እዚያም እዚህም ሳይንስ ያስተማረ ሰው ይሁን።

ጮክ ብለው የሚያስቡ ልጆች ካስፈለጓችሁ ፈቃደኛ የሆኑ ወላጆችን አነጋግሬያለሁ። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ልጆቹ አሉ። ጠረጴዛው፣ ሚዛኑና ቆርቆሮውም እዚያው ነው። በረዶ እኔ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳይንስ አስጠኚ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ