መሣሪያውን ሳይነካ «የቱን ትመርጣለህ?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት ሲቃረብ የሙዚቃ ሥልጠና ማስታወቂያ በየግንቡ ይለጠፋል። የምዝገባው ቅጽ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ «የሚማሩት መሣሪያ» ይላል። ልጁ ግን እስከዚያች ሰዓት ክራር በእጁ ነክቶ ላያውቅ ይችላል። ወይ በቴሌቪዥን ያየውን ወይ ወላጅ የመረጠለትን ይሞላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ኪቦርድ ይመርጣል፤ በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሠራ ጎረቤት አያስቀይምም። ይህ ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ በየቀኑ ሊለማመዱት የማይቻል መሣሪያ መቼም አይለመድም። ችግሩ ሌላው ሁሉ ሳይታይ መቅረቱ ነው።

ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው። ጣት ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። እንደ ጊታር «እዚህ ላይ ተጫን» የሚል ምልክት ስለሌለው ድምፁን ፈልጎ የሚያገኘው ጆሮ ነው። ስለዚህ መምህሩ አንድ ድምፅ ያንጎራጉር፣ ልጁ ይድገመው። ሲስት ራሱ ሰምቶ የሚያስተካክል ልጅ ማሲንቆ ይያዝ፤ መሳቱ የማይሰማው በክራር ቢጀምር ይሻለዋል።

ደግሞ ክረምት ለማሲንቆ ክፉ ወቅት ነው። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ሞቅ እስኪል አይመለስም። የአዲስ ደጋን ጭራም ሙጫ ካልተቀባ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ ድምፅ አይሰጥም። ይህን ያልተነገረው ጀማሪ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ይተወዋል።

ክራር በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ስለሚሰጥ ልጆች ይወዱታል። የሚያስመርራቸው መቃኘቱ ነው። አዲስ የናይለን ክር ለቀናት እየተለጠጠ ይወርዳል፤ ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት፣ ማለትም ቀንበሩ፣ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ከላላም ክሩ በጨዋታ መሐል ይረግባል። ከሙሉ ትዝታ ቅኝት ወደ ግማሽ ትዝታ ለመሄድ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ማውረድ ይበቃል፤ ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ሲኬድ ሥራው ይበዛል። መምህሩ ክራሩን ሁልጊዜ ራሱ ቃኝቶ የሚያቀብል ከሆነ፣ ልጁ ቤቱ ሲገባ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

ዋሽንት ላይ ወሳኙ ጣት ነው። ልጁ አራቱን ቀዳዳ በጣቱ ሥጋ ደፍኖ በቀስታ ሲነፋ ዝቅተኛው ድምፅ ካልወጣ፣ አንዱ ቀዳዳ በደንብ አልተደፈነም፤ አየሩ በጠርዙ ሾልኮ ፉጨት ብቻ ይሰማል። ይህን ጊዜ «ትንፋሽ የለህም» ከማለት አጭር ዋሽንት ሰጥቶ ማየት ነው። ዋሽንቱ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ቀዳዳዎቹም ይቀራረባሉ። በገና ግን ቁመቱ ከትንሽ ልጅ አቅም በላይ ነው፤ አሥሩን ክር ቃኝቶ እንዝራዎቹን (ክሩን የሚያነዝሩትን የቆዳ ቁራጮች) ክሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ ማስተካከልም የአዋቂ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በአንዱ የጀመረ በዚያው ይቅር ማለታችን አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሻገረው በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ ነው፤ ሽለላውንም በሳክስፎን አሰምቶናል።

ማሠልጠኛዎች የመጀመሪያውን ሳምንት ለሙከራ ይተዉት። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ይቅረቡ፤ ልጁ በእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይቆይ፤ ቅጹ ከዚያ በኋላ ይሞላ። ወላጅም ለግዢ ሲወጣ መምህሩን ይዞ ይሂድ፣ ለጌጥ የተሠራ ክራር በየሱቁ ሞልቷልና። ክሩን አጥብቆ ጥቂት መጠበቅ ነው፤ ቀንበሩ ላይ ያለው ጥምጥም በራሱ እየዞረ ከተመለሰ ለትምህርት አይሆንም።

የባህል ሙዚቃ መሣሪያ አስተማሪዎች
ከአዲስ አበባ