ሙቀት ሌላ፣ ብርሃን ሌላ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሑድ «ሕይወትን የወለደው የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ሌላውን ሁሉ ልተወው። ጠቤ «ሙቀት» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ሰባት ጊዜ ጽፋችኋታል፣ ቆጥሬያለሁ። «አልትራቫዮሌት» ግን፣ ማለትም ዓይን የማያየውና በዚህ ጉዳይ ዋናው ተጠርጣሪ የሆነው የፀሐይ ጨረር፣ አንድም ቦታ የለችም።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ሰኞ ጠዋት አንድ ተማሪዬ ጋዜጣችሁን አጣጥፎ ይዞ መጣና ፈተና ላይ ኤክስ ያደረግሁበትን መልስ እያሳየኝ «ቲቸር፣ ጋዜጣ ላይ እኮ ወጥቷል» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እናመሰግናለን።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ነገሩ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ከሰልና ብረት ድስት ይበቃን ነበር። ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረችው ፀሐይ እኮ ከዛሬዋ በ30 በመቶ ያህል የደበዘዘች ናት! ያኔ ያልነበረው አልትራቫዮሌትን የሚያግደው ጋዝ፣ ኦዞን ነው። ኦዞን የሚሠራው ከኦክስጅን ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ አየሩ ውስጥ መጠራቀም የጀመረው የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ ላይ የሚታገድልን ኃይለኛው አልትራቫዮሌት ያኔ ሕይወት ተጀመረበት እስከሚባለው ኩሬ ድረስ ይወርድ ነበር። ሙቀት ያገኘውን ሁሉ ያተራምሳል። ይህ ጨረር ግን የሚሠራው በሚውጠው ሞለኪውል ላይ ነው፤ ኤሌክትሮን እስከ ማስፈንጠር ይደርሳል።

ኬሚስቱ ጆን ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ማንቸስተር ላይ ከቀላል ውህዶች ተነስተው የአርኤንኤን (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነውን፣ የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል) ሁለት ፊደላት፣ «ሲ»ንና «ዩ»ን፣ ሲሠሩ፣ መጨረሻ ላይ ድብልቁ ላይ አልትራቫዮሌት አበሩበት። ጨረሩ እንደ ወንፊት ሆነላቸው። የማይፈለገውን አጠፋ፣ ከተፈላጊው «ሲ» ደግሞ ከፊሉን ወደ «ዩ» ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካምብሪጅ ሆነው ከሃይድሮጅን ሳያናይድ፣ ከሃይድሮጅን ሰልፋይድና ከዚሁ ጨረር የፕሮቲንና የስብ መነሻዎችን አገኙ። እርግጥ ሕይወት የጀመረው ብርሃን በማይደርስበት የባሕር ወለል ፍልውሃ ነው የሚሉም አሉ። ይከራከሩ። እናንተ ግን የክርክሩን ርዕስ ነው የቀየራችሁት።

ፎቶውስ? ዳሎልን ለጥፋችሁ ስሙን እንኳ አልጻፋችሁም። የአገራችን ሰው አያውቀውም ብላችሁ ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት እኮ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት የዳሎል ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አላገኘም። ጥፋቱ የሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ አሲዱና ጨዉም አለ፤ ቢሆንም ለ«ሙቀት ወለደን» ወሬ ከዚህ የባሰ ፎቶ ከየት ይገኛል?

ዓምናም ስለ ሌላ ስህተት ጽፌላችሁ «ደርሶናል» የሚል እንኳ አልመጣልኝም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች ስም ሲሳሳት ግን በማግስቱ ታርማላችሁ፤ እሱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለልጁ ነጥቡን አልሰጠሁትም። ማረሚያ ካወጣችሁ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የምለጥፍበትን ማስቲሽ ገዝቻለሁ።

የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ከደሴ