ሳተላይቱም ሜትር ያዥ ይፈልጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሳተላይት የደን ካርቦን ስለሚለካበት መንገድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል፤ መሬት ላይ ያለው ሰው።

ሥራዬ ዛፍ መለካት ነው። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን በሜትር እጠመጥማለሁ። ሐረግ ካለ ሜትሩን በሥሩ አሾልካለሁ። ሐረጉ አብሮ ከተለካ ዛፉ ያላግባብ ይወፍራላ! ክብደቱ የሚሰላው ከዚህ ልኬትና ከእንጨቱ ዓይነት ነው። ከደረቁ ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው።

የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2025 ባዮማስ የተባለ ሳተላይት አምጥቋል። የራዳር ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ቅጠሉን አልፎ ግንዱ ጋ ይደርሳል። በጣም ደስ ይላል። ግን ሳተላይት ዛፍ አይመዝንም። ምልክቱ ወደ ቶን የሚቀየረው በእጅ ከተለካ ደን ጋር ተነጻጽሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በዓለም ዙሪያ 48 የደን ቦታዎችን አይቶ ነበር። ከዛፎቹ በግዝፈት ቀዳሚ የሆኑት 1 በመቶ፣ የጠቅላላውን ክብደት ግማሽ ያህል ይዘው ተገኙ። እንግዲህ አንድ ግዙፍ ዛፍ በስህተት ቢለካ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

አሁን ወጣቱ ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ኮምፒውተሩ ላይ ጎበዝ ነው። ቅጠል አይቶ ዝርያ የሚለይ ግን እየጠፋ ነው። ይሄ እውነት ያሳስበኛል። ለሳተላይት ገንዘብ የሚመድቡ ሁሉ ያንኑ ደን በየአምስት ዓመቱ ተመልሶ ለሚለካው ሰውም ደመወዝ ይመድቡ።

አክባሪያችሁ፣
ደን ለኪው አንባቢያችሁ