«አንቲጎኔ» በመድረክ ላይ ይማሩት

ለክቡር አዘጋጅ፦

የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ታሪኩን አሳጥረንና የገጸ ባሕርያቱን ስም አስጽፈን ካለፍነው፣ ተውኔቱን አስተማርን ለማለት ይቸግራል። በጥንቷ አቴንስ 3 ተዋንያን ብቻ ጭምብል እየቀያየሩ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ይጫወቱ እንደነበር መምህሩ ደጋግሞ ቢናገርም፣ ተማሪው አንቲጎኔን ተጫውቶ ሳያበቃ በሌላ ጭምብል ሌላ ሰው ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ነገሩ አይገባውም። በተለይ 15ቱ መዘምራን፣ ማለትም የቴቤስ ከተማ ሽማግሌዎች፣ አንቲጎኔ ወንድሟን በመቅበሯ ሞት የፈረደባትን ንጉሥ ክሬዎንን ለመገሠጽ የቱን ያህል እንደሚያመነቱ የሚታወቀው፣ ተማሪዎቹ ስንኙን በአንድ ድምፅ ለማለት ሲሞክሩና የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስዱ ሲከራከሩ ነው። ወጪው ይከብዳል የሚለው ምክንያት (ዘወትር የሚቀርበው እሱ ነው) አያሳምነኝም፤ ለልብስ ነጠላ፣ ለመድረክ ባዶ የክፍል ወለል ይበቃሉ። ፈተናውም ቢሆን ተማሪው መድረክ ላይ ለምን እንደዚያ እንደቆመ እንዲያስረዳ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ አዲስ አበባ